ነሐሴ ላይ ጋቢ እንዴት ይደርቃል? በክረምት ቤት ውስጥ ልብስ የማድረቅ ዝርዝር መመሪያ

አምና ነሐሴ ላይ ጋቢዬን አጠብኩ። ማጠቤ ልክ ነበር። የተሳሳትኩት ከዚያ በኋላ ነው። ዶፉ ሲጀምር የሚያንጠባጥበውን ጋቢ አቅፌ ቤት ገባሁ፣ ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ወጠርኩ፣ ሙቀቱ እንዳይወጣ ብዬ በርና መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ መስታወቱ ላይ ውሃ ይንቆረቆራል። ግድግዳው አልቦታል። የተኛሁበት ብርድ ልብስ ሳይቀር እርጥበት ስቧል። ጋቢው ግን እንደ ማታው ነው። በሦስተኛው ቀን መሽተት ጀመረ። በአራተኛው ቀን እንደገና አጠብኩት። ያው ዝናብ፣ ያው ክፍል፣ ያው ሞኝ።

አክስቴ ሊጠይቁኝ መጥተው በሩን ገፋ ሲያደርጉ ሽታው ተቀበላቸው።

“አንተ ልጅ፣ አፍነህ ገደልከው እኮ!”

“ታዲያ አንቱ እንዴት ነው የሚያደርቁት?”

“መጀመሪያ ውሃውን አውጣ፤ ከዚያ አየሩን አውጣ። ሌላ ምን አለው?”

እውነትም ሌላ የለውም። ግን “ውሃውን አውጣ” የሚለው ብቻውን ብዙ ጣጣ አለው። ስለዚህ ዘንድሮ እየሞከርኩ፣ እያበላሸሁ፣ አክስቴን እየጠየቅሁ የደረስኩበትን ከነዝርዝሩ ልጻፈው። የምኖረው ጎንደር፣ ሳሙና በር ነው። ስሙ ሳሙና የሆነ ሰፈር ውስጥ ልብስ ማድረቅ አለማወቅ ያሳፍራል።

መጀመሪያ ይህን ተረዱ፤ የተዘጋ ክፍል አያደርቅም

የጎንደር ክረምት እንደሚወራው ብርዱ ብቻውን አይደለም ችግሩ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ብትሆንም በሐምሌና በነሐሴ ቀን ላይ ሙቀቱ 22 እና 23 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ልብስ ለማድረቅ ይህ ይበቃል። የሚያስቸግረው አየሩ አስቀድሞ ውሃ የጠገበ መሆኑ ነው። የጠገበ ሰው ደግሞ ብላ ቢሉት አይበላም።

እስቲ በቁጥር እንየው። አራት በአራት የሆነ፣ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል 40 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። 20 ዲግሪ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ ቢበዛ 17 ግራም ገደማ ውሃ ነው የሚሸከመው። ስለዚህ የክፍሉ አየር አጥንቱ ድረስ ደረቅ ቢሆን እንኳ (በነሐሴ አይሆንም እንጂ) 700 ግራም የማይሞላ ውሃ ተሸክሞ “በቃኝ” ይላል። በእጅ የተጨመቀ የጥጥ ልብስ ደግሞ ከራሱ ክብደት የማይተናነስ ውሃ ይዞ ይቀራል። ሁለት ኪሎ ልብስ ሰቀላችሁ ማለት ሁለት ሊትር ውሃ ክፍሉ ውስጥ ሰቀላችሁ ማለት ነው። በሩ ከተዘጋ ያ ውሃ የት ይሂድ? ግድግዳው ላይ፣ ብርድ ልብሱ ላይ፣ ቁምሳጥኑ ጀርባ።

አሁን ደግሞ የሚገርመው። ውጭ እየዘነበ መስኮት መክፈት ሞኝነት ይመስላል አይደል? አይደለም። ዝናብ ላይ ያለ የ15 ዲግሪ አየር ሙሉ በሙሉ ጠግቦም የያዘው 13 ግራም ገደማ ነው። ያው አየር ቤት ገብቶ ወደ 20 ዲግሪ ሲሞቅ የመሸከም አቅሙ ወደ 17 ከፍ ይላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ የ4 ግራም ቦታ አገኘ። በ40 ብታባዙት 160 ግራም ነው፤ ሁለት የቡና ሲኒ ውሃ በሉት። የክፍሉ አየር አንዴ በተለወጠ ቁጥር ሁለት ሲኒ ውሃ ከልብሱ ይዞ ይወጣል ማለት ነው። ሁለት ሊትር እንዲወጣ ታዲያ አየሩ ከአሥራ ሁለት ጊዜ በላይ መለወጥ አለበት። አንዴ መስኮት ከፍቶ መዝጋት ለምን እንደማይበቃ እዚህ ላይ ይገባችኋል።

ሌላም አለ። ውሃ ሲተን ሙቀት ይበላል። አንድ ሊትር ውሃ ለማትነን 0.7 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ጉልበት ይሄዳል። ልብስ የተሰጣበት ክፍል ቀዝቀዝ የሚለው ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ ጉልበት በኤሌክትሪክ ወይም በከሰል ከመክፈል በክንዳችሁ ብትከፍሉት ይሻላል። ክንድ ያወጣው ውሃ ለአየር አይተርፍም።

ቀኑንና ሰዓቱን መምረጥ

ክረምት ላይ “ቅዳሜ የልብስ ቀን ነው” የሚባለውን እርሱት። የሳምንቱን ልብስ በአንድ ቀን ካጠባችሁ የሳምንቱን ውሃ በአንድ ቀን ቤት ታስገባላችሁ። ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሱሪ፣ ካልሲና የውስጥ ልብስ፣ በቃ። በማግሥቱ ሌላ።

ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ልብሱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ታጥቦ ማለቅ አለበት። ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ያለችው ጊዜ ወርቅ ናት፤ ፀሐይ ባትወጣ እንኳ ንፋስ አለ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣላችሁ ሰዎች እንደፈለጋችሁ ሰዓት መምረጥ እንደማትችሉ አውቃለሁ፤ እኔም እንደዚያው ነኝ። ውሃው ሌሊት ከመጣ በርሜሉን ሙሉና ተኙ። ሌሊት አጥባችሁ ሌሊት ቤት ውስጥ አትስጡ። አክስቴ ጎሃ ኮረብታ ጉም ከለበሰ ጋቢ አይነኩም፤ ነጠላና ሸሚዝ ግን ያጥባሉ። ሳይንስ ይሁን ልማድ አልጠየቅኋቸውም። እስካሁን ግን አላሳፈራቸውም።

ፍልሰታ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ቅዳሴ አለ፣ በየቀኑም ዝናብ አለ፣ ነጠላው በየቀኑ እርስ ብሎ ይመጣል። መታጠብ አያስፈልገውም፤ መድረቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ቤት እንደገባችሁ ወንበር ላይ ጣል አታድርጉት። ዘርግታችሁ ስቀሉት። ስስ ስለሆነ አየር ካገኘ ለነገ ይደርሳል። ወንበር ላይ ተጠቅልሎ ካደረ ግን ለነገም እርጥብ ነው፣ ያውም ይሸታል። ሁለት ነጠላ ያላት ሰው ብታፈራርቅ ደግሞ ነገሩ ቀለለ።

አጠባው ላይ የሚሠራ ስህተት

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ሳሙና አታብዙ። በደንብ ያልተለቀለቀ ልብስ ውሃ ይይዛል፣ ቶሎ ይሸታል። ኦሞ በእፍኝ የምትበትኑ ሰዎች ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ሳፋው ላይ አረፋ እስኪጠፋ አለቅልቁ፤ የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ለብ ባለ ውሃ ብታደርጉት ደግሞ ልብሱ ሲሰቀል ሞቅ ብሎ ስለሚጀምር ይፈጥናል።

ለፎጣና ለካልሲ በመጨረሻው ውሃ ላይ ግማሽ ሲኒ አቼቶ ጨምሩ፤ ሽታ ይቀንሳል፣ አቼቶው ራሱ ሲደርቅ አይሸትም። ግን አንድ ነገር በደንብ ያዙልኝ። በረኪናና አቼቶ በአንድ ሳፋ አይገናኙም። ሲቀላቀሉ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣሉ። ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም።

መጭመቅ፤ ሥራው ያለው እዚህ ነው

አክስቴ ጋቢ ሲጨምቁ ማየት አለባችሁ። ብቻቸውን አይደለም። የጎረቤት ልጅ ይጠራሉ። ጋቢውን በቁመቱ አጥፈው አንዱን ጫፍ ለልጁ ይሰጡታል፣ ሌላውን ራሳቸው ይይዛሉ። ከዚያ እሱ ወደ ቀኝ፣ እሳቸው ወደ ግራ። ጋቢው መጀመሪያ ገመድ ይመስላል፣ ቀጥሎ ዱላ ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ መሐሉ ላይ እንደ እባብ ይጠቀለላል። ውሃው መጀመሪያ ይፈሳል፣ ቀጥሎ ይንጠባጠባል። እኔ “በቃ” ብዬ የምለቀው እዚህ ላይ ነበር። እሳቸው አይለቁም። ትንሽ ያሳርፉታል፣ ይፈቱታል፣ ገልብጠው በወርዱ አጥፈው እንደገና ይጠመዝዙታል። ሁለተኛው ዙር ላይ ደግሞ የሚወጣው ውሃ ያስገርማል። ከየት መጣ ያሰኛል። ጋቢ አራት እጥፍ ስለሆነ መሐሉ ያለው ውሃ በመጀመሪያው ጠምዘዛ አይወጣም።

ብቻችሁን ከሆናችሁ የበረንዳ ቋሚ ወይም ወፍራም የግቢ ዛፍ ይረዳችኋል። ልብሱን በቋሚው ዙሪያ አሳልፋችሁ ሁለቱን ጫፍ አንድ ላይ ይዛችሁ ጠምዝዙ። ቋሚው ዝገት ወይም ቀለም የሚለቅ ከሆነ መጀመሪያ ንጹሕ ጨርቅ ጠምጥሙበት። እኔ ይህን ያወቅሁት አንሶላ ላይ ቡናማ ቀለበት ካተምኩ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ፎጣ ነው፤ ይህን የምወደው ለሸሚዝና ለሹራብ ነው። ደረቅ ወፍራም ፎጣ መሬት ላይ አንጥፉ፣ እርጥቡን ልብስ ላዩ ላይ ዘርጉት፣ ሁለቱን አንድ ላይ እንደ ምንጣፍ ጠቅልሉ፣ ከዚያ በባዶ እግራችሁ ቁሙበት። ርገጡት፤ ልጆች ካሉ ደስ ብሏቸው ይረግጡላችኋል። ፎጣው እርጥብ ይሆናል፣ ልብሱ ግን ግማሽ መንገዱን ሄዷል። ሹራብ በጭራሽ አትጠምዝዙ፤ ይለጠጣል፣ እጅጌው ጉልበት ድረስ ይደርሳል። ፎጣ ብቻ።

ጥለት ያለው ነጠላና ቀሚስ ሌላ ጥንቃቄ አለው። የጥለቱ ቀለም እርጥብ ሆኖ ነጩ ላይ ከዋለ ይለቃል፤ ክረምት ላይ ደግሞ እርጥብ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ ረጅም ነው። ስትጨምቁት ጥለቱን ለብቻው በእጃችሁ ይዛችሁ፣ ነጩን ለብቻው ጨምቁ። ጠቅልላችሁ ሳፋ ውስጥ “ቆይ እመለሳለሁ” ብላችሁ አትሂዱ።

ማጠቢያ ማሽን ያላችሁ ሰዎች ዕድለኞች ናችሁ፤ የመጨመቂያውን ዙር ሁለት ጊዜ አዙሩት። ተጨማሪዋ ደቂቃ ከምትበላው መብራት የምታተርፈው ይበልጣል።

ጠፈፍ እስኪል በረንዳ ላይ

ከመጭመቅ ቀጥታ ወደ መኝታ ክፍል አትግቡ። መሐሉ ላይ አንድ ማረፊያ ያስፈልጋል። ጣሪያው ወጣ ያለበት በረንዳ፣ የኮንዶሚኒየም ደረጃ፣ የማዕድ ቤት በር ላይ፣ የትም ይሁን፤ ዝናቡ የማይመታው ንፋሱ ግን የሚያገኘው ቦታ። ሁለትና ሦስት ሰዓት እዚያ ይቆይ። ውሃው ወደ ታች ወርዶ ጫፉ ላይ ይጠራቀማል፤ እያለፋችሁ ጫፍ ጫፉን በእጃችሁ ጨመቅ አድርጉት። ጂንስ ላይ ይህ ብዙ ለውጥ ያመጣል፣ ውሃው ሁሉ የሚሰበሰበው እግሩ ጫፍ ላይ ነውና። ከሥር ሳፋ አድርጉ። ያ ውሃ ለመጸዳጃ ቤት ይሆናል፤ ውሃ በፈረቃ በሚገኝበት ከተማ ውሃ አይደፋም።

ልብሱ ጠፈፍ ሲል፣ ማለትም ስትጨምቁት ጠብ የማይል ሲሆን፣ ያኔ ቤት ይግባ።

አሰጣጡ

ገመዱ ከግድግዳው ይራቅ። ብዙ ቤት የማየው ስህተት ይህ ነው፤ ምስማር ግድግዳው ላይ ተመትቶ ልብሱ ግድግዳውን ተደግፎ ይሰቀላል። አንድ ፊቱ አየር አያገኝም፣ ግድግዳውም ይበሰብሳል። ገመዱን ከበሩ አቅጣጫ ወደ መስኮቱ አቅጣጫ ወጥሩት፤ ነፋሱ በልብሶቹ መሐል እንዲያልፍ እንጂ በልብሱ ሆድ እንዲቆም አይደለም። ከፍ አድርጋችሁ ወጥሩ። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ወደ ኮርኒሱ የቀረበ ይፈጥናል። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። ቀን ፀሐይ ብልጭ ስትል ቆርቆሮው ሥር ያለው ቦታ እንደ ምድጃ ይሞቃል፣ በጣም ጥሩ ነው። ሌሊት ግን ቆርቆሮው ይቀዘቅዝና ተኑ ከሥሩ ጠብታ ሆኖ ተመልሶ ልብሱ ላይ ይወርዳል። ቀን ከላይ፣ ማታ ዝቅ።

በሁለት ልብስ መሐል አራት ጣት ይኑር። አራት ጣት የሚያስገባ ቦታ ከሌለ ልብሱ በዝቷል፤ ግማሹ በረንዳ ላይ ተራ ይጠብቅ። ረጅምና አጭር እያፈራረቃችሁ ስቀሉ፤ ሱሪ፣ ካልሲ፣ ፎጣ፣ የውስጥ ልብስ። አየሩ የሚሄድበት መንገድ ያገኛል።

ከዚያ እያንዳንዱ ልብስ የራሱ ጠባይ አለው። ጂንስ ተገልብጦ፣ ኪሱ ወደ ውጭ ወጥቶ፣ ዚፑ ተከፍቶ፣ ወገቡ እንደ ከረጢት አፍ ክብ ሆኖ በሦስትና በአራት መቆንጠጫ ይሰቀላል። ወገቡ ተጣጥፎ ከተሰቀለ እግሩ ደርቆ ወገቡ ሁለት ቀን ይቆያችኋል። ሸሚዝ በማንጠልጠያ፣ ቁልፉ ተከፍቶ፣ ኮሌታው ቀና ብሎ። ማንጠልጠያው ቀጭን ሽቦ ከሆነ ትከሻው ላይ የተጠቀለለ ፎጣ ወይም አሮጌ ካልሲ ጠምጥሙበት፤ የሸሚዙ ፊትና ጀርባ ይለያያሉ፣ ብብቱም አየር ያገኛል። ካልሲ አፉ ወደ ላይ እንዳይሆን፤ በጣቱ በኩል ይቆንጠጥ፣ አፉ ወደ ታች ይከፈት። ኮፍያ ያለው ሹራብ ኮፍያው ጀርባው ላይ ተኝቶ ከቀረ አይደርቅም፤ ለብቻው በመቆንጠጫ ወደ ላይ አንሱት። አንሶላ በሁለት ገመድ ላይ ይጣል፤ መሐሉ ወደ ታች ይርገብ፣ እንደ ድንኳን።

ጋቢውስ? ለጋቢ ሦስት ገመድ ካላችሁ ሦስቱንም ስጡት። እጥፉን በተቻለ መጠን ከፍታችሁ፣ ጥለቱ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ነጩን ሳይነካ። በየሁለት ሰዓቱ ቦታውን አንሸራቱት፤ ገመዱ ላይ የዋለው መስመር ሁልጊዜ ወደኋላ ይቀራልና። እኔ ይህን ረስቼ የገመድ መስመር የቀረባት እርጥብ ጋቢ አጥፌ አስቀምጬ ነበር። ስከፍታት በመስመሩ ልክ ቢጫ ሠርታለች።

አየሩን ማውጣት

ሁለት መስኮት ወይም መስኮትና በር ትይዩ ካላችሁ ሁለቱንም ክፈቱ። ወለል አድርጋችሁ አሥር ደቂቃ መክፈት ቀኑን ሙሉ ገርበብ አድርጎ ከመተው ይሻላል የሚሉ አሉ። ለእኔ ሁለቱም ነው የሠራልኝ፤ ቤት ሳለሁ በየሰዓቱ ወለል፣ ስወጣ ገርበብ። የቤቱን ሌሎች በሮች ዝጉ። ልብስ ያለበት ክፍል ተን ወደ ሌላው መኝታ እንዲሄድ አትፈልጉም።

አንድ በርና አንድ ትንሽ መስኮት ያለው ሰርቪስ ቤት ከሆነ (የእኔ ነው) አየሩ በራሱ አይዞርም። ማራገቢያ ካለ አሁን ነው ሥራው። ልብሱ ላይ በቀጥታ አትደግኑት፤ ከወለሉ አጠገብ አድርጋችሁ በልብሶቹ መሐል ወደ በሩ ወይም ወደ መስኮቱ እንዲነፍስ አቁሙት። 50 ዋት የሚወስድ ማራገቢያ ስምንት ሰዓት ቢሠራ የሚበላው 0.4 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በጣም ርካሽ ነው። እርጥብ ልብስ የሚንጠባጠብበት ቦታ ላይ ግን ማከፋፈያና ሽቦ መሬት ላይ አታስቀምጡ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ልብሱን ወደ በሩ አስጠግታችሁ በሩን ክፈቱት። ሌላ ጥበብ የለም።

የምትተኙበት ክፍል ውስጥ ማታ ባታሰጡ ይመረጣል። በተለይ አስም ያለበት ሰው ወይም ሕፃን ካለ፤ የእርጥብ ክፍል ሻጋታ ደረት አይወድም። አንድ ክፍል ብቻ ያላችሁ ደግሞ ማታ ማታ ጠፈፍ ያለውን ልብስ ማዕድ ቤት ወይም በረንዳ አውጥታችሁ ጠዋት መልሱት።

ጭቃ ቤት የሚኖሩ ሰዎች አንድ ብልጫ አላችሁ። የጭቃ ልስን እርጥበት ይስባል፣ ሲደርቅ ይመልሳል፤ እንደ ሲሚንቶና ዘይት ቀለም ላብ አይሠራም። ግን እሱም ልክ አለው፤ ቁምሳጥኑን ከግድግዳው አራት ጣት አርቁት።

ከሰል ማንደድ፤ አይሆንም

ከሰል ምድጃ አቀጣጥሎ ልብሱ ሥር አስቀምጦ በሩን መዝጋት የብዙዎቻችን የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። አታድርጉት። የከሰል ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ አይታይም፣ አይሸትም። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይመስላል። የተኛ ሰው ላይነቃ ይችላል። ጭስ የለውም፣ ፍሙ ቀይ ብሏል የሚል ማስተባበያ አይሠራም፤ ቀይ ፍምም ያወጣል። ቡና ስታፈሉም ቢሆን በሩ ይከፈት። አንድ ሰው ራሱን ከያዘው ወዲያው ወደ ውጭ አውጡት፣ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ገመድ ወጥሮ ካልሲ መስቀልም እንዲሁ። ካልሲው አንዴ ይወድቃል፤ አንዴ ይበቃዋል።

የሚሆነው ምንድን ነው? የእንጀራ ቀን ማዕድ ቤት። ጋገራው ሲያልቅ ምጣዱ ለረጅም ጊዜ ሞቅ ብሎ ይቆያል። የእንጀራው እንፋሎት መጀመሪያ በበሩ ይውጣ፣ ምጣዱ ከመብራቱ ይነቀል፤ ከዚያ ካልሲና ፎጣ እዚያው ክፍል ውስጥ ገመድ ላይ ይሰቀል፤ ምጣዱ ላይ ሳይሆን። ነጠላና የቅዳሴ ልብስ ግን አታስገቡ፤ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

ካውያ የመጨረሻውን ብቻ

ካውያ ማድረቂያ አይደለም፤ ማሳረጊያ ነው። ሸሚዙ ደርቆ ኮሌታውና የእጅጌው ጫፍ ብቻ እርጥብ ከሆነ ንጹሕ ጨርቅ ደርባችሁ ተኩሱት። እንፋሎቱ መውጣቱን እስኪያቆም ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ከዚያ ወዲያው አጥፋችሁ ቁምሳጥን አታስገቡ፤ ሞቃት ልብስ ውስጡ ተን አለው። ግማሽ ሰዓት ማንጠልጠያ ላይ ይቀዝቅዝ። ሙሉ እርጥብ ሱሪ በካውያ ለማድረቅ የሞከረ ሰው መብራቱንም ጊዜውንም ያባክናል፣ ጨርቁም ያብለጨልጫል።

ደርቋል ወይስ ቀዝቅዟል?

ክረምት ላይ ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። ቀዝቃዛ ደረቅ ልብስና እርጥብ ልብስ በእጅ ሲነኩ አንድ ናቸው። እጃችሁን አትመኑ። ወፍራሙን ቦታ ፈልጉ፤ የወገብ ስፌት፣ የኪስ ጥግ፣ ብብት፣ የኮፍያ ገመድ መግቢያ። እሱን በከንፈራችሁ ወይም በጉንጫችሁ ንኩት። አሁንም ካልለየላችሁ ልብሱን ንጹሕ ፌስታል ውስጥ ከታችሁ አፉን ቋጥራችሁ ሞቅ ያለ ቦታ ሩብ ሰዓት አስቀምጡት። ፌስታሉ ውስጡ ጉም ከሠራ ልብሱ ወደ ገመዱ ይመለስ።

ሽታ ካወጣስ?

ሽታው እርጥብ ጨርቅ ውስጥ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ሥራ ነው፤ ልብሱ ስለቆሸሸ አይደለም፣ ስለዘገየ ነው። ሽቶ ብትረጩበት ሁለት ሽታ ይሆናል። ልብስ በዕጣን ማጠንም ደርቆ ላለቀ ልብስ ነው እንጂ እርጥቡን አያድነውም። እንደገና ማጠብ ነው ያለው። ነጭ የጥጥ ካልሲ፣ ፎጣ፣ የውስጥ ልብስ ከሆነ በፈላ ውሃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ይቀቀል። ጎንደር በከፍታዋ ምክንያት ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ግን ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ሱፍና ጥለት ያለው ልብስ አይቀቀልም።

ጥቁር ነጠብጣብ፣ ማለትም ሻጋታ፣ ከያዘ ቶሎ ነው። ነጭ ጥጥ ላይ የሎሚ ጭማቂና ጨው ቀብታችሁ ፀሐይ ብልጭ ባለች ሰዓት አውጡት፤ ካልለቀቀ ሎሚውን በደንብ አለቅልቃችሁ ካወጣችሁ በኋላ (ሎሚም እንደ አቼቶ ከበረኪና ጋር አይገናኝም) በውሃ የቀጠነ በረኪና፣ በመጨረሻም ብዙ ጊዜ ማለቅለቅ። በረኪና ጥለትን አይምርም፤ ጥለቱ ካለበት ጨርሶ አትንኩት። ልብሱን ያሰጣችሁበት ክፍል ጥግም ጠቁሮ ከሆነ እሱንም ጥረጉት፣ አለዚያ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሳል።

ደርቆ ያለቀውን ልብስ ፌስታል ውስጥ አታስቀምጡ። ቁምሳጥኑን ፀሐይ ባለ ቀን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱት። ጫማ ከራሰ ውስጡን በጋዜጣ ሙሉት፣ ጋዜጣው ሲርስ ለውጡት፣ ሶሉን አንሱት፤ እሳት ዳር አታስጠጉት፣ ቆዳው ይሰነጠቃል።

ለዘመን መለወጫ ነጭ ለብሳችሁ መውጣት የምትፈልጉ ሰዎች ጋቢውን ጳጉሜ 4 ማታ አታንሱት። ነሐሴ 25 አካባቢ ጀምሩ፤ አንድ ቀን ጋቢ፣ አንድ ቀን ነጠላ፣ አንድ ቀን አንሶላ። እኔ ዘንድሮ እንደዚያ አደረግሁ። ጋቢው በረንዳ ላይ ሦስት ሰዓት፣ ሦስት ገመድ ላይ አንድ ቀን ተኩል፣ ማራገቢያው መብራት በነበረበት ሰዓት ሁሉ። አክስቴ መጥተው አፍንጫቸውን ጫፉ ላይ አስጠግተው አሸተቱት፣ የመሐሉን እጥፍ ገልጠው በጉንጫቸው ነኩት፣ ምንም ሳይሉ አጥፈው ቁምሳጥኑ ውስጥ አስገቡልኝ።